ዳንቴል የለበሰው ራውተር

ከአዘዞ እስከ ዳባት ኬብል ቢያስነጥሰው "ይማርህ" የምለው እኔ ነበርኩ። በፒያሳው የሐጂ ሰዒድ ኢንተርኔት ቤት ሥራ በጀመርኩ ቀን ግን የኮምፒውተሩን ማብሪያ አጥቼ ስዳብስ ያበራልኝ ደንበኛ ነው።

ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። መደብራቸውን ኢንተርኔት ቤት ያደረጉት ልጆቻቸው ወትውተዋቸው ስለሆነ፣ የገዙት ዕቃ ሁሉ ሥራው እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ።

ስዊች የቤቱን ኮምፒውተሮች በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን ነው አልኳቸው። ራውተር በቤቱና በውጭው ኔትወርክ መካከል ያለ በር ነው፤ መልእክቱ ሁሉ በእሱ ይወጣል፣ በእሱ ይገባል። አይፒ አድራሻ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር መለያ ቁጥር ነው፤ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ቁጥር ከያዙ መልእክቱ የማን ደጅ እንደሚያንኳኳ ይጠፋዋል።

"ሸጋ። ታዲያ ይኼ በር ምነው በየሰዓቱ ይዘጋል?"

ያቃጠለኝም ይኸው ነበር። ጠዋት የሚከንፈው ኢንተርኔት ረፋድ ላይ ድርግም ይላል። ደንበኛው ግማሽ ኢሜይል ጽፎ፣ ሙሉ ስድብ አውርዶብኝ ይወጣል። ኬብል ቀየርኩ። ስዊች ቀየርኩ። አይፒ አድራሻዎቹን እንደ ካርታ በወዝኳቸው። ወይ ፍንክች!

ሐጂ ጠሩኝ። "ታከለ፣ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሮቹን ሸጬ አቡጀዲዬን እደረድራለሁ። አንተም ሜትር መያዝ ትለምዳለህ።"

ዓርብ ሐጂ ለጁምዓ እንደወጡ መስመሩ ጠፋ። ተናድጄ ራውተሩን ልነቅል እጄን ብሰድ ፈጀኝ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ፣ እንግዳ የሚያየው ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም ብለው፣ እንደ ቴሌቪዥናቸው ባለገበር ዳንቴል አልብሰውታል። ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ጭነውበታል። በየቀኑ አበባውን እያየሁ ስለ አይፒ አስተምር ነበር!

ዳንቴሉን ገፍፌ አቀዘቀዝኩት። ሐጂ ሲመለሱ ቤቱ በኪቦርድ ድምፅ ይንጫጫል።

"ምን አደረግህለት?"

"ልብሱን አወለቅሁለት።"

ሐጂ ወደ ጓሮው በር ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህን ለዘይነባ የምትነግራት አንተ ነህ።"

ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው። ክረምቱን ሙሉ ሰላምታዬን አልመለሱም፤ እንጀራዬ ግን ተረፈ።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ቁጥር ከመነካካታችሁ በፊት ሳጥኑን በእጃችሁ ዳብሱ፤ አየር ማግኘቱን እዩ።

ዛሬ የእኔ ቤት ራውተር ዳንቴል ለብሷል። የሠራችው ባለቤቴ ናት። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ጓዳ እስክትገባ ጠብቄ እገልጠዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ መልሼ አለብሰዋለሁ። አንሺው ብያት አላውቅም። እፈራታለሁ።