እትዬ ነጥብና ዲዳው ማይክራፎን

አክስቴ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። ተማሪዎቿ «እትዬ ነጥብ» ይሏት ነበር፤ አሠራሩን ሳያሳይ መልሱን ብቻ ለጻፈ አንዲት ነጥብ አትሰጥማ! ጡረታ ከወጣች በኋላ ደግሞ የመማሪያ መጻሕፍትን በቤቷ ኮምፒውተር እያነበበች ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ትቀዳላቸው ጀመር።

ያን ሰሞን የታሪክ መጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ብቻ ቀርቷታል። ፈተናው ሰኞ ነው። የትምህርት ቤቱ ሾፌር ዓርብ ከምሳ በፊት መጥቶ ቅጂውን ሊወስድ ተቀጣጥረዋል። ዓርብ ማለዳ ለሙከራ የቀዳችውን ብታዳምጥ ድምፅዋ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ሩቅና ድፍን ሆኖ ተሰማት። በስልክ እንዳንቀዳው፣ ያኔ ስልኮቻችን ከመደወል በቀር ሌላ ሙያ አያውቁም፤ ሮጬ የሰፈራችንን የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራሁላት።

ጠጋኙ ማይክራፎኑን ነቀለ፣ ሰካ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሏል።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድምፅ የሚያስገባና የሚያስወጣው ነዋ።»

«ታዲያ አሁን ያዳመጥነው በምን ወጣ?»

«እ… ማስገቢያው ብቻ ይሆናላ። ደግሞ ይቅርታዎንና፣ ድምፅዎም ደከም ብሏል። ከእንግዲህ ማረፍ ነው የሚያምርብዎ።»

አክስቴ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። ያን ጊዜ ነው መፍራት!

«ካርዱን ከፍተህ አየኸው?»

«አላየሁትም፣ ግን ከልምድ…»

«ሳይገድሉ ጎፈሬ! አሠራሩ የሌለ መልስ ዜሮ ነው፣ ልጄ።»

«ክፍል የገባሁ መሰለኝ» ብሎ ሳቀና ነገ አዲስ ካርድ ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቶ ሄደ።

«ለትምህርት ቤቱ ብንደውልስ?» አልኳት ፈራ ተባ እያልሁ።

«ምን ልንል? ምዕራፉን ዝለሉት ልንል? ልጆቹ የታተመውን ፊደል በጣታቸው ፈልፍለው አያነቡት! ተወኝ እስቲ።»

የመቅጃውን ገጽ ከፈተች። ሰው ሲናገር ከፍ ዝቅ የምትል አረንጓዴ መስመር አለች። አክስቴ ስትናገር መስመሯ በጥቂቱ ብድግ አለች። ማይክራፎኑን በጥፍሯ ጫር ጫር ስታደርገው ግን ንቅንቅም አላለች።

«አየህ? እኔን ይሰማኛል፤ በዚህ ጆሮው ግን አይደለም። ሌላ ጆሮ አለው።»

ጠረጴዛውን ጫረች፤ ምንም። የስክሪኑን ጠርዝ ጫረች፤ መስመሯ ተነሣች። ከስክሪኑ አናት ላይ ያለውን ዳንቴል ስትነካ መስመሯ እስከ ጫፍ ዘለለች! ዳንቴሉን ገለጥነው። ልጇ የላከችላት ካሜራ ከሥሩ ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ፣ የቀደመው ምዕራፍ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ፣ የገጠምሁት እኔው ነኝ፤ «ሲያፈጥብኝ አልወድም» ብላ ያለበሰችው ደግሞ እሷ። ለካ ካሜራው የራሱ ማይክራፎን ኖሮት፣ ኮምፒውተሩ አዲሱን እንግዳ መርጦ በዳንቴል ውስጥ ሲያዳምጣት ነበር። ከቅንብሩ ውስጥ የድሮውን ማይክራፎን መረጥሁላት፤ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ።

«ድምፄ ነው የደከመው?» አለች ሙከራዋን ስታዳምጥ። ድምፅዋ ቤቱን ሞላው።

ግማሹን እንዳነበበች ከደጅ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። አቁማ ያንን ዓረፍተ ነገር እንደገና አነበበችው። ሁለተኛ ጮኸ።

«ሂድና አስገባው። መኪናውን ግን እንዲያጠፋ ንገረው!»

ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ገባ። «እናቴ፣ ዳይሬክተሩ ይቆጣኛል እኮ! ያለቀውን ይስጡኝና ልሂድ።»

«ጎዶሎ ምዕራፍ ከዚህ ቤት አይወጣም። ስድስት ገጽ ነው የቀረኝ፤ ቁጭ በል። ወንበሩ ይንጫጫል፣ እንዳትነቃነቅ።»

ሰውየው እንደ ተቀጣ ተማሪ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስድስቱን ገጽ አዳመጠ። የምሳ ሰዓት አለፈ። አክስቴ የመጨረሻዋን መስመር አንብባ፣ ሳትቸኩል አዳምጣ፣ በሲዲ ገልብጣ ሰጠችው።

«ዳይሬክተሩ ለምን ዘገየህ ካለህ ‹ሴትዮዋ ናት ያስቀመጠችኝ› በለው። የመጪውን ዓመት መጻሕፍትም ከአሁኑ ይላክልኝ፤ የማርፍበትን ቀን የምቆርጠው እኔ ነኝ።»