የጎደለችው የጭቃ ቤት

ቀይ አፈር በሙጫ ሲበጠበጥ በሸተተኝ ቁጥር አሶሳ የነበረው የአክስቴ ደጅ ፊቴ ድቅን ይላል።

ሰው እየተሰረቀ የሚሸጥበት ዘመን ነበር። አንድ እንግዳ ነጋዴ አክስቴን፣ «ለልጆቼ መጫወቻ እንዲሆን መንደራችሁን በትንንሽ የጭቃ ቤቶች ሥሪልኝ» አላት። አክስቴ ጥላ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖረች፤ ቤቶቹን በጭቃ ሠርታ እንደ መንደሩ አቀማመጥ ደረደረችበት፤ በቅል ስባሪ ቀይ አፈርና የከሰል ዱቄት በሙጫ በጠበጠች፤ መቀቢያ እንዲሆናት የፍየል ፀጉር እንጨት ላይ አሰረች። ቤቶቹን ስትቀባ ነጋዴው አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ «ይህ የማን ቤት ነው? ልጆች አሉበት?» ይላል።

ለሶላት እስኪነሳ ጠብቃ፣ «ወላሂ፣ መጫወቻ የፈለገ ሰው ስለ እኛ ልጆች ምን አስጠየቀው?» አለችኝ። የእኛን ቤት አንስታ በመዳፏ ጨፈለቀችው።

ነጋዴው ተመልሶ ድንጋዩን አየና ፈገግ አለ።

«አንድ ቤት ጎድሏል» አለ፣ ዓይኑን ከበራችን ሳይነቅል።

ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው።