በልብስ ማጠቢያው ክፍል የተከፈተው የበግ ልብ

ዙሪክ በምሠራበት ላቦራቶሪ ማቀዝቀዣው ሲከፈት የሚወጣው የጥሬ ሥጋ ሽታ እስከ ዛሬ ፊቴን ያስዞረኛል። ጋሽ መኩሪያ ትዝ የሚሉኝም ያኔ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ጄኔቭ፣ ሰርቬት የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ለዩኒቨርሲቲ ከማያበቃው ክፍል ስትመድበኝ ፈገግ ብላ ነበር፤ ያን ፈገግታ አሁንም እጸየፈዋለሁ። አባዬ ተናዶ አስወጣኝና ቤት መማር ጀመርኩ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የቀረኝ መንገድ ግለሰቦች በራሳቸው ተዘጋጅተው የሚፈተኑት የፌዴራል ማቱሪቴ የሚባለው የመልቀቂያ ፈተና ብቻ ሆነ። ባዮሎጂውን ጋሽ መኩሪያ ያዙልኝ። አገር ቤት የላቦራቶሪ ባለሙያ የነበሩ፣ እዚያው አቅራቢያ ሜራን በምትባል ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ፤ ክረምት ከበጋ ያንኑ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ።

ሁዳዴ እንደተጋመሰ አንድ ማክሰኞ የበግ ልብ በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። እማዬ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በጾም ሥጋ ወጥ ቤቴ አይገባም።»

«ልክ ነሽ፣ እኔም ጿሚ ነኝ» አሉና የምድር ቤቱን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቁልፍ ለመኗት። ክፍሉን የሕንፃው ነዋሪዎች በተራ ነበር የምንጠቀምበት፤ የዕለቱ ተራ የኛ ስለነበር ሰጠቻቸው።

በማሽኑ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ልቡን ሰነጠቁት። ውስጡ የረጋ ደም ነበር። የሳሙናው እንፋሎትና የሥጋው ሽታ ተቀላቅሎ ክፍሉን ሞላው።

«ጣትሽን አስገቢ። የግራው ግድግዳ እንዴት እንደሚወፍር ራስሽ ዳብሺው።»

አስገባሁ። ወዲያው ገንዳው ውስጥ አስታወክሁ። እሳቸው ገንዳውን በእጃቸው አጠቡና ትምህርቱን ቀጠሉ።

በቃል ፈተናው ፈታኙ የጠየቀኝ ስለ ልብ ነበር። የዳበስኩትን ነገርኩት፤ አለፍኩ።

እማዬ ደስ ብሏት ዶሮ ሠርታ ጠራቻቸው። ጋሽ መኩሪያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ፤ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ልጅ» እያሉ። እኔ ግን በጣቶቻቸው ላይ የታየኝ ያ የልቡ ደም ብቻ ነበር። ፊቴን አዞርኩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። አባዬ ሊቆጣኝ ሲል «ተዋት፣ ጠግባ ነው» ብለው ራሳቸው ጎረሱት።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በእሳቸው ነው። ከዚያ ሽታ ይልቅ የሚያንገሸግሸኝ የራሴ ነገር ነው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ዓመት ነበረኝ፣ አልጠየቅኩም። እሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ እኛ ቤት እንጀራ የሚበሉት በሹካ ነበር።