ከኋላ የሚሄደው የሺጥላ

የሺጥላ ፈሪ ነው። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። በደቡብ ሱዳኗ ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር ውስጥ ጄኔሬተር መጠገን ከጀመረ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ሞተር ከመፍታቱ በፊት ገመዱ መነቀሉን ሦስቴ ያያል፤ ደንበኛው ሲስቅበት ደግሞ ለአራተኛ ጊዜ ያያል። ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከተማዋ በተኩስ በተናጠችበት በዚያ ሐምሌ አራት ቀን ሙሉ አልጋ ሥር ከረመ፤ ውሃ እየተሳበች ታቀብለው የነበረችው ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችው ሔርሜላ ናት። እናቷን ወባ ከወሰደባቸው ወዲህ የሰውየው ፍርሃት ሁሉ ተጠቃሎ ልጅቷ ላይ አረፈ። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆኗታል፤ ከቤት ወጥታ እስክትመለስ ድረስ ስልኩን ከእጁ አይለይም።

እንዲህ ያለ ሰው ኮረብታ መውጣት ምን ያደርግለታል ከተባለ፣ መልሱ ያው ሔርሜላ ናት። ካቶር ሰፈር ያለው የሐበሾች ጸሎት ቤት በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ከጁባ ወጣ ብላ ኮረብታ አናት ላይ ወደተቆረቆረች አሮጌ ከተማ በእግር እየወጣ ይጸልያል። ከተማ ትባል እንጂ የቀራት ጣሪያው የረገፈ የሚሲዮኖች የጡብ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት ቤተሰብና ትልልቅ የማንጎ ዛፍ ነው። ከላይ ሆነው ሲያዩ ናይል ተኝቶ፣ የጁባ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ሔርሜላ ይህን ጉዞ በምንም አትለውጠውም። እሷ ከሄደች እሱም አይቀርም።

ወደ ላይ የሚያወጡት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የመኪናው ነው፤ በዚያ ክረምት ጎርፍ ድልድዩን ወስዶታል። ሁለተኛው ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት ነው፤ እሱንም ናይል ሞልቶ ከግርጌው ውጦታል። ሦስተኛው በሣሩ መሃል የሚያልፈው አቋራጭ ነው። የሺጥላ ከሦስቱም አብልጦ የሚፈራው ይህንን ነው፤ ግራና ቀኙ በጦርነቱ ዘመን ፈንጂ ተቀብሮበታል። ፈንጂ አምካኞች መጥተው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ስርጥ ብቻ አጽድተው፣ በዳርና ዳሩ ድንጋይ ደርድረው ሄደዋል። የድንጋዩ ፊት ወደ መንገዱ በኩል ነጭ፣ ወደ ሣሩ በኩል ቀይ ተቀብቷል። በነጭና በነጭ መሃል እስከሄዱ ድረስ ሰላም ነው።

ይህን ያስተማራቸው ዱዎፕ ነው። ጋምቤላ፣ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ያደገ፣ አማርኛውን እንደ እናቱ ቋንቋ የሚያፈሰው፣ ከአምካኞቹ ጋር የሠራ ጎልማሳ ነው፤ ሁልጊዜ ከፊት ሆኖ ይመራቸዋል። የሺጥላ ከሰልፉ መጨረሻ ነው። መጨረሻ መሆኑም ታስቦበት ነው፤ አሥራ አንድ ሰው የረገጠው መሬት ላይ ካልሆነ እግሩን አያሳርፍም። ዓይኑን ከሔርሜላ ተረከዝ ሳይነቅል፣ ዱካዋ ላይ ጫማውን ገጥሞ ነው የሚሄደው። እንቁላል ተሸክመሃል ወይ እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሮ ይስቅና እንደዚያው ይቀጥላል።

ያን ቅዳሜ ዱዎፕ ወደብ ላይ ጭነት ማራገፍ ስለነበረበት ቀረ። በእሱ ፋንታ ከፊት የቆመው ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣው ወንጌላዊ መልከጼዴቅ ነበር። ድምፁ ያማረ ነው፤ መንገዱን ግን አያውቅም። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ጭቃው ተረጭቶ የዳር ድንጋዮቹን ሁሉ አልብሷቸዋል። ወንጌላዊው መንገዱ አጋማሽ ላይ ሰልፉን አስቁሞ፣ እስራኤላውያን ከዮርዳኖስ ድንጋይ እንዳነሡ እኛም በሰው አገር ላኖረን አምላክ አንዳንድ ድንጋይ ይዘን ወጥተን እንከምርለት አለ። አሜን ተባለ። እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ እጁ የደረሰበትን አነሣ። የሺጥላ ከኋላ ሆኖ ማጎንበሳቸውን አየ እንጂ የተባለው ጥርት ብሎ አልተሰማውም። እሱ ያኔም የሚያየው እግሩን ነው።

አናት ላይ አሥራ አንዱ ድንጋይ ተከመረ። ሁለት ሰዓት ያህል ከተጸለየ በኋላ የጸሎት ቤቱ ታላቅ እትዬ መንበረ፣ እንዲሁ ለወጉ ያህል፣ የራሷን ድንጋይ አንሥታ በሻሿ ጠረገችው። ከጭቃው ሥር ቀይ ወጣ። ገልበጥ አደረገችው፤ ነጭ ነው። የሺጥላ ወደ ክምሩ ተጠጋ። ከክምሩ ሌላ አነሣ፤ ሌላም አነሣ፤ ሁሉም ያው ነው። ወንጌላዊው ምንድነው ነገሩ ብሎ ጠየቀ። ሲነገረው እንጨት ላይ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

ለዱዎፕ ስልክ ተደወለ። ዱዎፕ ንግግሩን ሁሉ የሚዘጋው «ማፊ ሙሽኪላ» እያለ ነው፤ በጁባ ዓረብኛ ችግር የለም ማለት ነው። ያን ዕለት አላላትም። እዚያ ማደር ትችሉ እንደሆን ጠየቀ። አይቻልም፤ እትዬ መንበረ የስኳር መርፌዋን ቤት ትታ ነው የወጣችው፤ ገና ካሁኑ ከንፈሯ ደርቋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ደመናው ጠቁሯል።

«እንግዲያው ዝናቡ ሳይደርስ በዱካችሁ ውረዱ» አለ ዱዎፕ። «ከሁሉም በላይ የታተመው የመጨረሻው ሰው ዱካ ነው። እሱ ይምራ።»

ሁሉም ዞረው የሺጥላን አዩት።

እምቢ ማለት ፈልጎ ነበር። ሔርሜላን ከሁሉም በኋላ ላስቀምጣት ብሎ ለመነ፤ ልጅቷ አልሰማ ብላ ከጀርባው ቆመች። እንግዲህ ምን ያደርጋል፣ እኔ ከረገጥኩበት ወዲያና ወዲህ ማንም እንዳይል ብሎ እግሩን አነሣ።

የሥራ ጫማው ሶል ተረከዙ ላይ የተቆረጠ ስለሆነ ዱካው ይለያል። አንዱን ያገኛል፣ ይረግጣል፣ ቀጣዩን ይፈልጋል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ለመጥረግ እጁን ማንሣት እንኳ ፈራ። ከኋላው የአሥራ አንድ ሰው ትንፋሽ ይሰማዋል። እንዲህ እያሉ ግማሹን ወረዱ። ድንጋዮቹ የተነሡበት ቦታ ሲደርሱ ዱካው ጠፋ።

መሬቱ ጠጠር ነው፤ ሃያ እርምጃ ያህል ምንም አልያዘም። ከፊቱ ሁለት ኩይሳ ቆመዋል፤ ቁመታቸውም ቅርጻቸውም አንድ ነው። ሲወጡ አንድ ኩይሳ በቀኙ በኩል እንደነበረ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ሲወርድ በግራው መሆን አለበት። ግን የትኛው? አሰበ፤ ጸለየ፤ እንደገና አሰበ። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ አንገቱ ላይ አረፈ። የቀኙን ኩይሳ በግራው አድርጎ ሄደ።

ጠጠሩ ሲያልቅ የጫማውን ዱካ አየው። ከፊቱ አልነበረም። በስተግራው ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሌላኛው ኩይሳ አጠገብ ነበር።

የሺጥላ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደፈራ መናገር ያስቸግራል። ያንን አራት ቀን አልጋ ሥር እንኳ እንዲህ አልፈራም። ተሳስቷል፤ የተሳሳተው ብቻውን አይደለም፤ ሁሉም እንዳዘዛቸው ከኋላው፣ ያልጸዳ መሬት ላይ ተሰልፈዋል፤ ልጁ ከሁሉም ትቀርበዋለች። ቢጮኽ ይበተናሉ። ቢመለስም ያው ነው። ምንም ሳይል፣ ዞር ብሎ ሳያይ፣ ሦስቱን ሜትር አራት እርምጃ አድርጎ ተሻገረና ዱካው ላይ ገባ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አሥራ አንዱም ተከትለውት ሲገቡ በጆሮው ቆጠረ።

ታች ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። ሰው በዝናቡ ውስጥ እየተቃቀፈ ዘመረ። ወንጌላዊው የሺጥላ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነ። እትዬ መንበረም መርፌዋን በሰዓቱ አገኘች።

ሐሙስ ዕለት ዱዎፕ የሺጥላ መጠገኛ ሱቅ መጣ። አምካኞቹ ተጠርተው ድንጋዮቹን መልሰው እንደደረደሩ፣ አብሯቸው እንደዋለ ነገረው። የሺጥላ መፍቻውን አስቀምጦ ስለ ኩይሳዎቹ ጠየቀ። መንገዱ በሁለቱ መሃል ነው አለው። ከቀኙ ኩይሳ ወዲያስ ሲለው ዱዎፕ መፍቻውን አንሥቶ አገላበጠው።

«ጋሽ የሺጥላ፣ ከኩይሳው ሥር አንድ አውጥተዋል» አለ በመጨረሻ።

እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ጉባኤው ወንድም የሺጥላ ይውጣልን አለ። ማይኩን ተቀብሎ ተሳስቼ ነበር ሲል ሰው ትሕትና መስሎት ሃሌሉያ አለ። እስኪጨርሱ ጠበቀና ኩይሳውን፣ ዱካውን፣ ከሥሩ የወጣውን አንድ በአንድ ተናገረ። ማወቁንና ዝም ማለቱንም አልደበቀም። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። የሺጥላ ማይኩን መልሶ፣ ሰው ሳያይ፣ በጎን በር ወጣ።

ሔርሜላ ካቶር ገበያ አጠገብ ደረሰችበት። ጥቂት ጎን ለጎን ሄዱ። ይቅር በይኝ ሊላት ሲል ቀደመችው።

«አይቼው ነበር» አለች። «ዱካህ በግራ በኩል ነበር።»

የሺጥላ ቆመ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትፈራ ብዬ ነዋ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።