ለምንጭ የታጠፈ መንገድ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ስትመረቅ ቦንጋ ሄጄ ነበር። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር አንድ ሰፈር ውስጥ መሪውን ድንገት ጠመዘዘና፣ «ይሄን መንገድ የቀየሰው ሰው ሰክሮ ነበር መሰለኝ» ብሎ ተማረረ። ሳቄን ዋጥኩት። የቀየስኩት እኔ ነኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የቅየሳ ዲፕሎማዬን ይዤ የተመደብኩት ቦንጋ ሲሆን፣ ከተማዋም ያኔ ልብስ እንደሚያጥረው ልጅ በየዓመቱ የምትመዘዝበት ጊዜ ነበር። ቤት የሌለው መምህር፣ ከዋጫና ከሺሺንዳ የመጣው ነጋዴ፣ ሁሉም ቦታ ይጠብቃል። እኛ ቀያሾችም አዲስ ሰፈር ልንቀይስ ካስማችንን ተሸክመን ወደ ጫካው ጥግ ወጣን። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ ጭቃው ቦት ጫማዬን ከእግሬ እየነጠቀ ያስቀረው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የመንገዱን መስመር ለማውጣት የዘረጋሁት ገመድ ቀረሮ የሚባል ግዙፍ ዛፍ ላይ አረፈ። ቅርንጫፎቹ ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። ባለቤታቸው ጋሽ አዴሎ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ይቆጡኛል ስል የተቀቀለ ጎደሬ ከነትኩሱ አቀረቡልኝ። በልቼ እስክጨርስ ጠበቁና፣

«ልጄ፣ ወረቀትሽ ላይ ውሃው አለ?» አሉኝ።

«የቱ ውሃ ጋሼ?»

ከዛፉ ሥር ወሰዱኝ። ከሥሮቹ መሀል ምንጭ ይፈልቃል፤ ሁለት ሴቶች እንስራ ይሞላሉ። ካርታዬ ላይ ቦታው ባዶ ነበር።

«ዛፉ ከሄደ ምንጯም ትሄዳለች» አሉ። ስለ ንቦቻቸው አንድም ቃል አልተናገሩም።

ሁለት ቀን ዝናብ እየመታኝ የምንጩን መውረጃ ተከትዬ መንገዱ በጎኑ እንዲታጠፍ አድርጌ ነደፍኩና ለአለቃዬ አቀረብኩ።

«ፕላኑ ጸድቋል እኮ!» አሉኝ።

«ምንጩ ሳይታይ ነው የጸደቀው። መጥተው አይተውት ዛፉ ይቆረጥ ካሉ እሺ እላለሁ።» የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም ነበር።

መጡ። ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጠጡ። አፋቸውን ጠርገው፣ «በይ፣ መንገዱን እጠፊው» አሉ።

ቀረሮው ተረፈ። በዙሪያው የነበሩት ዛፎች ግን ወደቁ፤ መጋዙ ሲጮህ ሲውል ንቦቹ ጥለው ሄዱ። ጋሽ አዴሎ ባዶ ቀፎዎቻቸውን በገመድ ሲያወርዱ አይቼ አለቀስኩ። ያጽናኑኝም እሳቸው ናቸው።

«ንብ አገር አያጣም። ሴቶቹ ውሃቸውን አላጡም፤ ምን ያስለቅስሻል?» ብለው የመጨረሻውን ነጭ ማር በቅል ሰጡኝ። እንደዚያ የጣመኝም፣ እንደዚያ የመረረኝም ማር ከዚያ ወዲህ አላውቅም።

ጋሽ አዴሎ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም ብዙ ሰፈር ቀይሻለሁ። ሰው ቤት ያስፈልገዋልና አልጸጸትም። የሚቆጨኝ፣ ያኔ ቀፎዎቹስ ብዬ አለመጠየቄ ነው። ስላልለመኑኝ ያልተጎዱ መስሎኝ ነበር። አሁን አሁን አዲስ ቦታ ስገባ የሚጮኸውን ሰው እሰማለሁ፤ ከዚያ ዝም ብሎ የቆመውን ፈልጌ አጠገቡ እቀመጣለሁ።