መስቀል ያለባት መላጊያ

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሞጣ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራየኋት ቤት ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ዕድሜ ልኩን ቢቸና አናጢ ሆኖ ሠርቶ ነው የሞተው። መሣሪያዎቹ እዚያው በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ክረምቱን ሁሉ ከርመው፣ በጆንያ አስጭኜ ሳመጣቸው መላጊያዎቹ ቀይ አፈር ውስጥ የተቀበሩ ይመስሉ ነበር። እናቴ የሱን ዕቃ በቁሙም ነክታ አታውቅ፤ ጆንያውን አልፋው ሄደች።

እንዴት እንደሚታደሱ ያስተማረኝ የለም። ጓሮ ጠረጴዛ ተክዬ፣ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ እሞክራለሁ። ብረቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፤ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ እፍቃለሁ፤ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፌ እንጨት የሚነካው ሆዱ እስኪስተካከል እገፋዋለሁ። ምላጩን የምስለው መጨረሻ ላይ ነው።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን እናታችን ዘንድ ልትወልድ መጥታ ነበር። በሩ ላይ ተቀምጣ ታየኝና፣ «ባል ፈልጊ ስንልሽ ዝገት ፈለግሽ» ትለኛለች።

«ዝገት ቢያንስ ሲፍቁት ይለቃል» እላታለሁ።

ስትስቅ ደስ ይለኛል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት ነበርና ቤታችን ውስጥ በር እንኳ በቀስታ ነበር የሚዘጋው። የምትተኛበት አልጋ ስለተንሻፈፈ ከዋንዛ አዲስ ልሠራላት ቆረጥሁ። ከመላጊያዎቹ ሁሉ እጄ የወደዳት ትንሿን ነበር። ዝገቷ ሲወርድ ጎኗ ላይ በሞረድ የተቀረጸች መስቀል ብቅ አለች። አባቴ ሌላ አናጢ እንዳይወስድበት ምልክት ያደረገ መሰለኝና ራስጌውንም ግርጌውንም በሷ ላግሁ። እህቴ አልጋው ላይ መተኛት ጀመረች።

ሳምንት ሳይሞላ የእናቴ ወንድም እህቴን ሊጠይቅ ከቢቸና መጣ። አጎቴ ከአባቴ ጋር ሲሠራ ያረጀ አናጢ ነው። እህቴ ከተቀመጠችበት አልጋ ራስጌውን በመዳፉ ዳበሰና፣ «እኔም እንዲህ አላለሰልስ። ነይ፣ መሣሪያሽን አሳዪኝ» አለኝ። ጓሮ ወጣን። ጠረጴዛው ላይ ትንሿን መላጊያ ሲያይ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

«ይህችን ከየት አገኘሻት?»

«ከአባባ ጆንያ። ለብቻዋ በጨርቅ ተጠቅልላ ነበር። ምነው ጋሼ?»

«አልጋውን በዚች ነው የላግሽው?»

«አዎ።»

ወደ ቤት ውስጥ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባትሽ ታቦቱ የሚያርፍበትን መንበር የሠራው በዚች ነው። ጾሞ ነበር የሚይዛት። አንድ ቀን የቤቴን በር ላስተካክልባት ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ለመቅደስ የተለየውን ለቤት አላውልም፤ ልጆች አሉኝ› አለኝ።»

አባቴ በልጆቹ ላይ ይደርሳል ብሎ ፈርቶ እንደነበር ገባኝ።

«ካህናቱን ጠይቄ እደውልልሻለሁ» አለኝ ሲሰናበት። «እስከዚያ እርጉዟን እንዳታስደነግጫት።»

እሱ በሄደ ማግስት መንገዱ ተዘጋ። ቀጥሎ ኔትወርክ ጠፋ። እኔና ያ ነገር ብቻችንን ቀረን። የሞጣውን ቄስ ልጠይቅ ወጥቼ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተመለስሁ፤ መልሱን ፈራሁት። እህቴ ስታስል እደነግጣለሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ ሄጄ አያታለሁ። አልጋውን ለመቀየር ሰበብ ስፈልግ እውላለሁ፤ አፌን ስከፍት ግን እሷ፣ «እንዲህ ያለ አልጋ ተኝቼ አላውቅም» ትለኛለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ «ዛሬ ልጁ ዝም አለብኝ» አለች፤ እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች።

ጓሮ ምስር ትለቅም ወደነበረችው እናቴ ሮጬ ሁሉንም ነገርኋት፤ መላጊያዋን፣ መስቀሏን፣ አጎቴ ያለኝን። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው።

«‹ልጆች አሉኝ› ያለው አባትሽ ነው?»

«አዎ።»

እህቴን ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ሆዷን ስታዳምጥ እኔ የነርሷን ፊት ነበር የማየው። «ልቡ ይመታል» አለች በመጨረሻ። «ቁርስ አልበላሽም መሰል፤ ጣፋጭ ነገር ጠጪ።» እህቴ አለቀሰች። የኔ ፍርሃት ግን አብሮን ወደ ቤት ተመለሰ።

እንደደረስን እናቴ የራሷን ፍራሽ ጎትታ አወጣች። «ወገቤን ቆርጦኛል። አዲሱ አልጋ ላይ እኔ ልተኛ፤ አንቺ የኔ ላይ ተኚ።»

«እርጉዟ እኔ፣ አልጋ የምትወስጂው አንቺ?» አለች እህቴ።

«ሁለታችሁንም የተሸከመ ወገብ ነው፤ ዝም በይ።»

ተከትያት ገባሁ። «እማዬ፣ አንቺስ?»

ጋቢዋን እያነጠፈች፣ «እኔ እንደሆን ወልጄ ጨርሻለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ለሁለት ሰው ሆነ። ጠዋት ጠዋት እናቴ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እስክሰማ ድረስ በሯ ላይ እቆማለሁ። እህቴ ሴት ልጅ በሰላም ስትገላገል እንኳ ወዲያው ዞሬ ያየሁት እናቴን ነው። መንገዱ ተከፍቶ አጎቴ ሲደውል ደግሞ የያዘው መልስ ፍርሃቴን አልቆረጠውም፤ አንዱ ቄስ ምንም አይደለም ብለውታል፣ ሌላው ግን ዕቃው ይመለስ ከማለት በቀር ስለ አልጋው አልተናገሩም።

እናቴ ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ እዚያ አልጋ ላይ ተኛች። ከዚያ መላጊያዋን በዚያው ጨርቅ ጠቅልላ፣ በሚኒባስ ቢቸና ወስዳ መንበሩ ላለበት ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አስረከበች። ስትመለስ ጋቢዋን ከአልጋው ላይ አነሳች፣ አልጋውን ወደ እህቴ ክፍል ገፋችው፣ ሕፃኗንም ተቀብላ መሃሉ ላይ አስተኛቻት።