ዘጠና አንድ ሰከንድ

መጽሐፍ ጠራዡ በአርባ ስድስት ዓመቱ ከአንድ ሐቅ ጋር ተፋጠጠ፤ ታናሽ እህቱ ከእሱ ትፈጥናለች። ሌላውን ወንድም ይህ ያኮራው ይሆናል። እሱን ግን እንቅልፍ ነሳው። እህቱ ዓይነ ስውር ናት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የእሷ ቀኝ እጅና የእሱ ግራ እጅ በስንዝር ገመድ ታስረው፣ እሱ መሪዋ ሆኖ አብረው ሮጠዋል። በደንቡ መሠረት መሪው ወደ ኋላ ቀርቶ ከተጎተተ ወይም ገመዱን ከለቀቀ የእሷ ውጤት ይሰረዛል።

እህቱ የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ናት። የምትሮጠው አምስት ሺህ ሜትር ሲሆን፣ በብሔራዊ ቡድኑ ለመታቀፍ ርቀቱን በማጣሪያው ውድድር ዕለት ከዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ በታች መጨረስ ይጠበቅባታል። ይህም እያንዳንዱን ዙር በዘጠና አንድ ሰከንድ መዞር ማለት ነው። እንደምትችለው ታውቋል፤ ጠራዡ ጉንፋን ጥሎት በቀረ ጊዜ ከአሰልጣኛቸው ሯጮች አንዱ ይዟት ሮጦ፣ ሰዓቱን አሟልታ ገብታለች። ጠራዡ ግን በዘጠና አምስት ሲሮጥ እንኳ ትንፋሹ ይቆረጣል።

«ሰው ከቆረጠ የማይችለው የለም» የሚሉ ሰዎች ይህን ሰው አላዩትም። ጎህ ሳይቀድ እየተነሣ ዳገት ወጣ። በሚሠራበት ማተሚያ ቤት ያልተጠረዘ ወረቀት በትከሻው ተሸክሞ አራቱን ፎቅ በደረጃ ተመላለሰ። ከእህቱ ጎን ስለማይላቀቅ «ሙጫው» የሚሉት ባልደረቦቹ፣ አሳንሰሩ ባዶውን ሲወጣና ሲወርድ አይተው፣ ከአሳንሰሩ ጋር ተጣልታችሁ ከሆነ እኛ እናስታርቃችሁ እያሉ ተሳለቁበት። እራቱንም ቀነሰ። ሚስቱ ሱሪው ከወገቡ ሲንሸራተት አይታ፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ፤ የሃያ ዓመት ጉልበት ደረጃ ላይ ወድቆ አይገኝም» አለችው። ሰዓቱ ግን ከዘጠና አምስት ንቅንቅ አላለም፤ ድካም በጸናበት ቀን እንዲያውም ዘጠና ስድስት ይሆናል።

ለማጣሪያው የሚደረገው ምዝገባ ሊዘጋ ዐሥር ቀን ሲቀረው አሰልጣኙ ለብቻው ጠራው። ካቃተው አሁኑኑ እንዲናገር፣ ሌላ መሪ እንደሚፈልግላት፣ ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ግን መሪ መለወጥ እንደማይቻል ነገረው። ጠራዡ «አልቻልኩም» የሚለውን ቃል ከአፉ ማውጣት ተሳነው። በዘጠና አንድ እየሮጥን ነው አለ፤ በልምምድ ሰዓቱን የሚይዘው እሱ ራሱ ነበርና አሰልጣኙ አመነው። ለአሰልጣኙ ያለውን ለእህቱም ማለት ግድ ሆነበት፤ በየዙሩ ሰዓቱን እያየ «ዘጠና አንድ» ይላታል። ነገ እውነት አደርገዋለሁ ብሎ ነበር። ነገ ግን በመጣ ቁጥር እግሩ የትናንቱ እግር ነው።

ዓርብ ምዝገባው ተዘጋ። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ጨርሰው በስታዲየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሳለ እህቱ ገመዱን ከእጇ ፈታች።

«ወንድም ጋሼ፣ በዘጠና አንድ ስሮጥ አንድ ቃል አይወጣኝም። ሰሞኑን ግን የመሥሪያ ቤቴን ሐሜት ሁሉ እያወራሁልህ ነው የምሮጠው። ስንት ነበር?»

«ዘጠና አምስት።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ።» የጫማውን ክር ፈታና፣ «ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«አውቄ ሳምንት አለፈኝ። አንተው ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

እሱ ዋሸ፣ እሷ ዝም አለች፤ በሁለቱ መካከል ጊዜው አለፈ። ማን እንደሚብስ መፍረድ የሚሻ ይፍረድ። አሰልጣኙ ጉዳዩን ሲሰማ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ወረቀቱ ከእጄ ወጥቷል፣ ሁለት ሳምንት አላችሁ፣ ያላችሁን ይዛችሁ ሩጡ ብሎ ወደ ሌሎቹ ሯጮች ሄደ።

በማጣሪያው ዕለት ጠራዡ ከየት እንዳመጣው ሳያውቅ ስድስት ዙር በዘጠና አንድ ሮጠ። ሰባተኛው ላይ ጭኑ እንደ እርጥብ ወረቀት ከበደው። ስምንተኛው ላይ ገመዱ ተወጠረ፤ አንድ እርምጃ እንኳ ቢቀር ሊያሰርዛት ነው። ያን ጊዜ ገመዱ በድንገት ላላ። እህቱ ሆን ብላ ፍጥነቷን ቀንሳለች። አትቀንሺ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ለቃሉ የሚሆን ትንፋሽ አላገኘም። የቀረውን ሁሉ በእሱ አቅም ሮጡ፤ በዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት ሰከንድ ገቡ።

መስመሩን እንዳለፉ ጠራዡ ጉልበቱን ጨብጦ አጎነበሰ። ዳኛው ቀጣዮቹ ሯጮች ሊነሡ ነው፣ የሩጫውን መም ልቀቁ ብሎ ጮኸ። እህቱ ትንፋሿ ከተመለሰላት ቆይቷል፤ እንዲህ ቀጥ ብላ ለቆመች ሴት ሌላ አምስት ዙር አይከብዳትም። መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ግን አታውቅም። እሱ ቀና ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። እንደገና ሞከረ። ዳኛው ደግሞ ጮኸ። እህቱ ጀርባው ላይ እጇን አሳርፋ፣ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ፣ ቆማ ጠበቀችው።